የ1947–1955ቱ የሼቭሮሌት ፒክአፕ፦ መለያዎቹና እድሳቱ

ሼቭሮሌት ጁን 28 ቀን 1947 አዲስ የጭነት መኪና ለገበያ አቀረበ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ፋብሪካው ስሙን «አድቫንስ ዲዛይን» አለው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ስለ አሮጌ ፒክአፕ ሲወራ ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ይኸው ነው፦ ክብ ጣሪያ፣ ያበጠ ፓራፋንጎ፣ ፊቱ ላይ አምስት አግድም ብረቶች። እስከ 1955 መጀመሪያ ድረስ ተሠራ። በእነዚያ ዓመታት በአሜሪካ የጭነት መኪና ሽያጭ አንደኛው ሼቭሮሌት ነበር። ፎርድም በ1948 ኤፍ-1ን ይዞ መጣ። ኤፍ-1 ጥሩ መኪና ነው፤ ግን ሁለተኛ ነው።

ከዚያ በፊት የነበሩት የሼቭሮሌት ፒክአፖች የራሳቸው ወዳጆች አሏቸው። እዚህ የሚያስፈልገን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የ1947 ሞዴል የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። በዓመቱ መጀመሪያ የወጣው አሮጌው ቅርጽ ነው፤ ከጁን በኋላ ያለው አዲሱ ነው። በ1955ም እንዲሁ ሆነ። በማርች ወር «ታስክ ፎርስ» የተባለው ተተኪ መጣ፤ ከሱ በፊት በዚያው ዓመት የተሸጡት ግን ገና አሮጌው ቅርጽ ናቸው። ስለዚህ መለዋወጫ ሻጭ ጋ ደውሎ «1955 ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። የመጀመሪያው ነው ወይስ ሁለተኛው ተብሎ ይጠየቃል።

ጋቢናው የዚያን ዘመን ሰው ያስገረመ ነበር። ሦስት ሰው ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ማሞቂያው ንጹሕ አየር ከውጭ ስቦ ያስገባል፤ በማስታወቂያ «የሚተነፍስ ጋቢና» ይሉት ነበር። ማሞቂያው ግን ተጨማሪ የሚከፈልበት ዕቃ ነው። ሻል ያለ የከፈለ ሰው በጋቢናው የኋላ ማዕዘኖች ላይ ሁለት ጠማማ መስታወቶች ያገኛል። ይህ ዓይነቱ «ባለ አምስት መስኮት» ይባላል፤ ዛሬ ሰው የሚሻማበትም እሱን ነው። በተረፈ ፋብሪካው ቆጣቢ ነበር። መደበኛው መኪና የኋላ መብራቱ በግራ በኩል አንድ ብቻ ነው። የዝናብ መጥረጊያው የሚሠራው በሞተሩ አየር መሳብ ስለሆነ ዳገት ላይ ይደክማል። ይህን የማያውቅ አዲስ ባለቤት ተበላሽቷል ብሎ ይፈታዋል።

በመጠን ሦስት ናቸው። 3100 ግማሽ ቶን፣ 3600 ሦስት አራተኛ ቶን፣ 3800 አንድ ቶን። የ3100 የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 116 ኢንች ሲሆን 295 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የጂኤምሲ (የሼቭሮሌት ባለቤት የጄኔራል ሞተርስ ሌላ የመኪና ስም) እህት መኪኖችም በዚያው ጋቢና ተሠርተዋል፤ ሞተራቸውና የፊት ፍርግርጋቸው ይለያል።

ዓመቱን የሚለየው ትንንሽ ነገር ነው። በ1947 ማርሹ ወለል ላይ ነው፤ በ1948 የባለ ሦስት ማርሹ ዘንግ ወደ መሪው ሥር ወጣ። በ1949 የነዳጅ ታንከሩ ከጭነት መያዣው ሥር ተነስቶ ጋቢና ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ ገባ። ቤንዚን ከወገብ ኋላ አድርጎ መንዳት ዛሬ ያስደነግጣል፤ ያኔ ግን ማንም ምንም አላለም። በ1950 ዘመናዊ ቱቦ መሰል አሞርዛቶር መጣ። በ1951 በሩ ላይ ሦስት ማዕዘን የምትከፈት ትንሽ መስታወት ተጨመረች፤ ፍሬኑም ተሻሻለ። በ1952 የበሩ እጀታ ተጠምዝዞ የሚከፈት መሆኑ ቀርቶ በጣት የሚጫኑት ሆነ። ያን ጊዜ የኮሪያ ጦርነት ስለነበር ክሮም ተወደደ። በ1952ና በ1953 ብዙ መኪኖች ፍርግርጋቸውና ፓራውልታቸው ቀለም ተቀብቶ ወጡ። የ1952 መኪና ሁለመናውን ክሮም አልብሶ «እንደ ፋብሪካው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በትህትና ተጠራጠሩ። በ1954 ደግሞ ለሁለት የተከፈለው የፊት መስታወት አንድ ወጥ ሆነ፤ የፊት ፍርግርጉም ከባድና ሰፊ ሆነ።

ሞተሩ ላይ ትንሽ እንቆይ። እስከ 1953 በ3100 ውስጥ ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 216 ነው፤ ቁጥሩ የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ነው። 3.5 ሊትር ገደማ ሲሆን መጀመሪያ 90 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የቢየላዎቹ (ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ የሚያገናኙት ብረቶች) መቀመጫ ባቢት በሚባል ለስላሳ ብረት ቀልጦ የተፈሰሰ ነው። ዘይቱም በግፊት አይደርሳቸውም፤ እያንዳንዱ ቢየላ ሥር ያለች ማንኪያ መሰል ነገር ኮፓው (የሞተሩ የዘይት መያዣ) ውስጥ ካለ ገንዳ ዘይት እየጨለፈች ትሄዳለች። ስለዚህ የዘይት መለኪያው ዝቅተኛ ቁጥር ያሳያል፤ ጤነኛም ሆኖ ማለት ነው። ቢየላው ሲበላ መሃል ያሉትን ስስ ንጣፎች ቀንሶ ማጥበቅ ይቻላል። ለገበሬ የተሠራ ብልሃት ነው። ለረጅም አውራ ጎዳና ግን አልተሠራም። የኋላ ማርሹ አጭር ስለሆነ በሰዓት ከ80 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሞተሩ ይጮሃል። በ1954 የመጣው 235 ሙሉ የግፊት ዘይት ያለው ሲሆን 112 የፈረስ ጉልበት አለው። ብዙ አዳሾች አሮጌውን አውጥተው ይህንን ያስገባሉ። እኔም እሱን ከሚደግፉት ወገን ነኝ።

ከዚህ በኋላ ያለው ጭቅጭቅ ነው። አንዱ ወገን ቪ8 ሞተር፣ አውቶማቲክ ካምቢዮና የዲስክ ፍሬን ይገጥማል። ጋቢናውን አንስቶ በሼቭሮሌት ኤስ-10 (በኋላ ዘመን የወጣ ትንሽ ፒክአፕ) ሻንሲ ላይ የሚያስቀምጥም አለ። በጣም ከሚመረጡት የፊት እግሮች አንዱ ከፎርድ ማስታንግ 2 የመጣ ነው። አዎ፣ ከፎርድ። ሌላው ወገን ደግሞ ብሎን ሲቀየር ያመዋል። ሁለቱም የራሳቸው ምክንያት አላቸው ይባላል።

እድሳት ሲጀመር መጀመሪያ የሚታየው ላሜራው ነው። የሚበሰብሱበት ቦታ የታወቀ ነው፦ የጋቢናው የታችኛው የኋላ ማዕዘን፣ ወለሉ፣ መርገጫው፣ የፓራፋንጎው ጫፍ። እነዚህ መኪኖች ለሥራ የተገዙ ናቸው። ገለባና አፈር ማዕዘኑ ውስጥ ይጠራቀማል፤ የውሃ መውጫዋን ይደፍናል፤ ብረቱ ከውስጥ ይበላል። ከውጭ የሚያምር ማዕዘን በማግኔት ይፈተን። ማግኔቱ ካልያዘ ሥሩ ስቱኮ ነው። ኮፈኑና በሮቹ ስስ ስለሆኑ በኃይለኛ አሸዋ ከተነፉ ይጣመማሉ፤ ለነሱ ኬሚካል ይሻላል። አዲስ የሚሠሩ ላሜራዎች በየቦታው ይገኛሉ፤ ርካሾቹ ግን ልክ አይመጡም። የተጎዳ ኦሪጅናል ፓራፋንጎ ካለ ቢቀጠቀጥ ይመረጣል።

የጭነት መያዣው ወለል እንጨት ነው፤ በመሃሉ የብረት ዘንጎች ይሄዳሉ። ዛሬ በትርኢት ላይ እንጨቱ በቫርኒሽ እንደ ሳሎን ጠረጴዛ ያበራል። ፋብሪካው ግን ቀለም ይቀባው እንደነበር አብዛኛው አዋቂ ይስማማል።

የመኪናው ኤሌክትሪክ 6 ቮልት ነው። ሰው ሁሉ ወደ 12 ቀይሩ ይላል። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲደክም ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የቮልቱ አይደለም። ባለፉት ዓመታት አንድ ሰው ወፍራሙን የባትሪ ገመድ አውጥቶ ለ12 ቮልት የሚሆን ቀጭን ገመድ አስገብቶ ነው። ወፍራም ገመድ አግኝቶ ማሳውን (ገመዱ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰርበትን ቦታ) እስከ ብረቱ ፍቆ ማሰር ይቀድማል። ኤሲና ትልቅ ሬዲዮ ለሚፈልግ ግን 12 ግድ ነው።

ወረቀቱ ሳይታይ ገንዘብ አይከፈልም። የመለያ ቁጥሩ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ያለች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ግን ያኔ መኪናውን የመዘገቡት በሞተሩ ቁጥር ነበር። ያ ሞተር ከብዙ ዓመት በፊት ተቀይሮ ከሆነ ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር መኪናው ላይ የለም። የሻጩን ሊብሬ በአንድ እጅ፣ የእጅ ባትሪ በሌላ እጅ ይዞ ሁለቱንም ቦታ ማየት ያስፈልጋል።