የፓሪስ የድል ቅስት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብዙ ጎብኚዎች የፓሪሱን የድል ቅስት፣ አርክ ደ ትሪዮምፍን፣ ከመንገድ ማዶ ፎቶ አንሥተው ያልፋሉ። ይህ ያስቆጨኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቁ የሚያደርጓቸው ከዚህ በታች ያሉት ዓይነት ወሬዎች ናቸውና። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ናፖሊዮን ድል አድርጎ ሲመለስ በሥሩ አለፈ»

ያለቀውን ቅስት በዓይኑ አላየውም። ሥራው የተጀመረው ከኦስተርሊትዝ ጦርነት ድል በኋላ በ1806 በእርሱ ትእዛዝ ነው። በ1810 ማሪ ሉዊዝን ሲያገባ ግንቡ ገና ከመሠረቱ ብዙም አልራቀም ነበርና ከእንጨትና ከሸራ ጊዜያዊ ቅስት ተሠራለት። በ1821 በግዞት በሴንት ሄለና ደሴት ሞተ፤ ቅስቱ የተመረቀው በ1836 በንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ዘመን ነው። በእውነተኛው ቅስት ሥር ያለፈው አስከሬኑ ነው፣ በ1840።

«ያለ ትኬት መቅረብ አይቻልም»

ትኬት የሚያስፈልገው ወደ ጣሪያው ለመውጣት ብቻ ነው። ከቅስቱ ሥር በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወደቀ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ወታደር ተቀብሯል። በ1923 የተለኮሰው እሳት በየዕለቱ ከምሽቱ 12፡30፣ በፓሪስ አቆጣጠር 18፡30፣ በሥነ ሥርዓት ይቀጣጠላል። ቦታው መቃብር ነውና እባካችሁ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

«አደባባዩን ሮጦ መሻገር ይቻላል»

በፍጹም አትሞክሩት! 12 ጎዳናዎች የሚገናኙበት፣ የመኪና መስመር እንኳ ያልተሰመረበት አደባባይ ነው። ከሻንዜሊዜ ጎዳና በኩል በምድር ውስጥ መተላለፊያ ግቡ።

«ለእይታ የኤፍል ማማ ይሻላል»

በከፍታ ማማው ይበልጣል፤ ቅስቱ 50 ሜትር ያህል ነው። ለእይታ ግን እኔ ቅስቱን እመርጣለሁ። ማማው ላይ የቆመ ሰው የፓሪስን መለያ፣ ራሱን ማማውን፣ አያየውም። ከቅስቱ ጣሪያ ላይ ማማው ሙሉ ሆኖ ይታያል። 12ቱ ጎዳናዎችም ከእግር ሥር እንደ ኮከብ ጨረር ይዘረጋሉ፤ በአንድ በኩል ሻንዜሊዜ ወደ ኮንኮርድ አደባባይና ወደ ሉቭር ሙዚየም ይወርዳል፣ በተቃራኒው ደግሞ የንግድ ሰፈሩ የላ ዴፋንስ ታላቁ ቅስት በዚያው ቀጥተኛ መስመር ላይ ቆሟል። ከተማዋ እንዴት እንደታቀደች እንዲህ ጎልቶ የሚታይበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

«ሊፍት ስላለ መውጣቱ አያደክምም»

ሊፍቱ የአካል ጉዳት ላለባቸውና መራመድ ለሚቸግራቸው የተመደበ ነው። ሌላው ሰው ጠመዝማዛዎቹን 284 ደረጃዎች በእግሩ ይወጣል። ጉልበት ወይም ልብ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ሊፍቱ የሚሠራ መሆኑን ጠይቁ።