ሆሊውድና ፖለቲካ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ፊልም ሰዎች ፖለቲካ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ተዋናዩ መድረክ ላይ ወጥቶ የተናገረው ነው። ከዚያ ይልቅ ድምፅ ቆጠራውን፣ ሒሳቡንና ቅጥሩን ማየት ይሻላል። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ኦስካር ላይ ምርጥ ፊልም የሚባለው ብዙ ሰው አንደኛ ያደረገው ነው»

አይደለም። ከ2009 ፊልሞች ወዲህ በዚህ ዘርፍ መራጩ እጩዎቹን በደረጃ ይጽፋል። 100 ወረቀት አለ እንበል፤ የጦርነት ፊልሙን 40፣ የቤተሰብ ፊልሙን 35፣ ኮሜዲውን 25 ሰው አንደኛ አድርገዋል። ከግማሽ ያለፈ ስለሌለ ኮሜዲው ይሰረዝና 25ቱ ወረቀቶች ሁለተኛ ላይ ለተጻፈው ፊልም ይሰጣሉ። ሃያው የቤተሰብ ፊልሙን፣ አምስቱ የጦርነቱን ጽፈው ከሆነ ውጤቱ 55 ለ45 ይሆናል፤ መጀመሪያ ሲመራ የነበረው ተሸነፈ ማለት ነው። ገሚሱ የሚያብድለት፣ ገሚሱ የሚጠላው ፊልም ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። «አካዳሚው (ኦስካርን የሚሰጠው ተቋም) ፖለቲካውን ፈርቶ ነው» ከማለት በፊት ይህን ማሰብ ይገባል።

«ፊልሙ የከሰረው በፖለቲካው ነው»

መጀመሪያ ሒሳቡ ይታይ። ከቲኬት ሽያጩ ግማሽ ገደማው ለሲኒማ ቤቶች ይቀራል። የሚነገረው በጀትም አብዛኛውን ጊዜ የማስታወቂያ ወጪን አይጨምርም። በ100 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ 150 ሚሊዮን ያስገባ ፊልም ከሲኒማ ብቻ ገና ወጪውን አልመለሰም።

«ድሮ ሳንሱሩ የመንግሥት ነበር»

አንዳንድ ግዛቶችና ከተሞች የሳንሱር ቦርድ ነበራቸው። ሄይስ ኮድ የተባለውን ዋናውን ደንብ ግን ያወጣው ራሱ የስቱዲዮዎቹ ማኅበር ነው። በ1930 ጸድቆ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ተሠራበት፤ የተሻረው በ1968 ነው።

«ኮሚኒስት የተባሉትን ደራስያን ከሥራ ያገደው ሕግ ነው»

እንዲህ የሚል ሕግ አልነበረም። በ1947 አሥር የፊልም ሰዎች የኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ስለ ፓርቲ አባልነታቸው አንመልስም አሉ፤ ኮንግረስን በመድፈር ተከሰው ታሰሩ። ሥራ የነሷቸው ግን የስቱዲዮ አለቆች ናቸው፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ኒው ዮርክ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው ወሰኑ። የታገዱት በሰው ስም እየጻፉ ስክሪፕታቸውን በርካሽ ይሸጡ ነበር። በ1957 ኦስካር ለ«ሮበርት ሪች» ሲሰጥ ሽልማቱን ሌላ ሰው ተቀበለ። ስሙ ከአሥሩ አንዱ የሆነው ደራሲ የዳልተን ትራምቦ መሸሸጊያ ነበር። ሐውልቱ በእጁ የገባው በ1975 ሲሆን፣ በዓመቱ አረፈ።