ጉበት በአደጋ ሲጎዳ፦ ሁሉም ኦፕራሲዮን አይገባም

የመኪና አደጋ፣ ከፎቅ መውደቅ፣ የከብት እርግጫ፣ ጩቤ፣ ጥይት። የአዋቂ ሰው ጉበት ባብዛኛው የሚጎዳው በእነዚህ ነው። በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ስር የተቀመጠው ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ በየደቂቃው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ደም ስለሚያልፍበት ከተሰነጠቀ ክፉኛ ሊደማ ይችላል። ደሙ የሚፈሰው ሆድ ውስጥ ስለሆነ ደግሞ ከውጭ ጭረት እንኳ ላይታይ ይችላል።

ድሮ ጉበቱ የተጎዳ ሰው ሆዱ ይከፈት ነበር። ዛሬ በጩቤ ወይም በጥይት ሳይሆን በምት ከተጎዱት አብዛኞቹ ያለ ቢላ ይድናሉ።

ወሳኙ ነገር የደም ግፊቱ ነው። ጉዳቱ በሲቲ ስካን ታይቶ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል፤ 1 ትንሽ ጭረት ነው፣ 5 ደግሞ የጉበቱ አንድ ክፍል ከሞላ ጎደል ሲደቅ ወይም ከጀርባው ያሉት ትልልቅ የደም ስሮች ሲቀደዱ። ግን ደረጃው ብቻውን አይወስንም። ደረጃ 4 ሆኖ ግፊቱ የተረጋጋ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ሊታከም ይችላል። ግፊቱ የወረደና ደም እየተሰጠውም አልመለስ ያለ ሰው ግን ሲቲ ስካን አይጠብቅም፤ አልጋው አጠገብ በአልትራሳውንድ ሆዱ ውስጥ ደም መኖሩ ከታየ ቀጥታ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው።

አልጋ ላይ ማከም ማለት ዝም ብሎ መተኛት እንዳይመስላችሁ። ግፊቱና የልብ ምቱ ይለካል፣ ደሙ ምን ያህል እንደቀነሰ የሚያሳየው ሄሞግሎቢን በየተወሰነ ሰዓት ይታያል፣ ሆዱ ይዳሰሳል፣ ደምና ቀዶ ሐኪም ሌሊትም ቢሆን ዝግጁ መሆን አለባቸው። ይህ በሌለበት ሆስፒታል "እንጠብቅ" ማለት ቁማር ነው። ሲቲው ላይ ደም ሲረጭ ከታየ ከብሽሽት ወይም ከእጅ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የሚደማውን ስር ከውስጥ መድፈን ይቻላል። እኛ አገር ይህን የሚሠራ ቦታ ጥቂት ነው።

ኦፕራሲዮን ከተገባ ደግሞ ዓላማው ጉበቱን አሳምሮ መስፋት አይደለም፤ ደሙን ማቆም ነው። ሐኪሙ ወደ ጉበት የሚገቡትን የደም ስሮች በጣቱ ወይም በመቆንጠጫ ይይዛል፤ ይህን ዘዴ ፕሪንግል የተባለ የግላስጎው ቀዶ ሐኪም በ1908 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ተይዞም መድማቱ ከቀጠለ ችግሩ ከኋላ ካሉት ስሮች ሊሆን ይችላል፣ እሱ ነው አስፈሪው። ብዙ ጊዜ በጉበቱ ዙሪያ ጎዝ ተጠቅጥቆ፣ ሆዱ ለጊዜው ተሸፍኖ፣ በሽተኛው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገባል። የቀዘቀዘ ሰው ደሙ አይረጋምና ይሞቃል፣ ደም ይሰጠዋል። ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ጎዙ ይወጣል። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው ደም እንዲቆም የሚረዳ መድኃኒትም ይጠቅማል፣ ከአደጋው በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ።

ከዚያ በኋላ ሐሞት ሊያፈስ፣ መግል ሊቋጥር፣ ዘግይቶም ሊደማ ይችላል። ከባድ ዕቃ ማንሳትና ኳስ ለጥቂት ወራት ይቅር። ከሆስፒታል የወጣ ሰው ትኩሳት ከያዘው፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሰገራው ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰው በዚያው ቀን ይመለስ።