የኩባንያዎች የአየር ንብረት ጉትጎታና ግልጽነቱ፦ ከጣና ዳር ሲታይ

ሕግ ሲረቀቅ ወይም መመሪያ ሲሻሻል ኩባንያዎች እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም። ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ኃላፊ ያነጋግራሉ፣ በዘርፍ ማኅበራቸው በኩል ይወተውታሉ። ሎቢ ወይም ጉትጎታ የሚባለው ይህ ነው፤ በራሱ ነውር የለበትም። ነገር የሚበላሸው አደባባይ ላይ «አረንጓዴ ነን» ያለው ድርጅት ጓዳ ገብቶ ሌላ ሲል ነው።

በውጭው ዓለም ጉዳዩ መልክ እየያዘ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጉትጎታ የሚያካሂዱ ድርጅቶች የሚመዘገቡበት የጋራ የግልጽነት መዝገብ አለው። የነዳጅ ኩባንያው ሼል በ2019 አባል የሆነባቸውን የንግድ ማኅበራት የአየር ንብረት አቋም ፈትሾ ውጤቱን ይፋ አወጣ፤ ከአንዱ የአሜሪካ ነዳጅ አጣሪዎች ማኅበርም እንደሚወጣ አስታወቀ። ሌላው የነዳጅ ኩባንያ ቶታል በ2021 አሜሪካን ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት የተባለውን የነዳጅ ኩባንያዎች ማኅበር ተሰናበተ። በ2022 ደግሞ ትልልቅ ባለሀብት ተቋማት ለኩባንያዎች የአየር ንብረት ጉትጎታ 14 መለኪያዎች ያሉት መስፈርት አወጡ። ዋናው ሐሳብ ቀላል ነው፦ ኩባንያው የሚወተውተው ነገር የዓለምን ሙቀት ጭማሪ በ1.5 ዲግሪ ከመግታት ግብ ጋር ይስማማል ወይ? ካልተስማማስ ቦርዱ ምን አደረገ?

ባሕር ዳር የነዳጅ ግዙፎች ከተማ አይደለችም። እዚህ የአየር ንብረት ፖሊሲ ማለት በአብዛኛው ሐይቁ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን ከ9 ሜትር ብዙም አያልፍም። በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚያ በፊት እምቦጭ ገብቶበታል፤ ካርቦን የሚይዘው የደንገል ረግረግም እየተመናመነ ነው። በዳርቻው ላይ የሚፎካከረው ብዙ ነው፦ ሆቴል፣ መስኖ፣ ጫት፣ አሸዋ፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ። ስለዚህ በፈር ዞኑ፣ ማለትም ሐይቁን ለመጠበቅ በዳርቻው የሚከለለው መሬት፣ ስንት ሜትር ይሁን የሚለው ጥያቄ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። እያንዳንዱ ሜትር የአንዱ ማሳ ወይም የሌላው በረንዳ ነው።

ጉትጎታው ታዲያ የት ይካሄዳል? ብዙ ጊዜ በወርክሾፕ። አዳራሹ ራሱ ሐይቁን የሚያይ ሆቴል ቢሆን አይግረማችሁ፤ ስለ ዳርቻው የሚወያዩት ዳርቻው ላይ ተቀምጠው ነው። ፓወር ፖይንቱ ይታያል፣ ጥያቄና አስተያየት ይሰበሰባል፣ ቁም ነገሩ ግን በሻይ ሰዓት ያልቃል። አቴንዳንስ ይዞራል። ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ ስልክ፣ ፊርማ። ማን እንደመጣ የሚያሳየው ሰነድ እሱ ነው፤ መጨረሻው ግን ፋይናንስ ክፍል ነው፣ ለአበል ማወራረጃ። ከቃለ ጉባኤው ጋር አብሮ ቢለጠፍ ግማሹ ጥያቄ ይመለስ ነበር።

ሕጉ ባዶ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ሕዝብ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ጥናቱን የሚያስጠናውም ወጪውን የሚሸፍነውም የፕሮጀክቱ ባለቤት ነው። ይህ በብዙ አገር የተለመደ አሠራር ነው፤ አጥኚው ከፋዩን እንዳያስቀይም የሚጠብቀው ግን ሰነዱ በሌላ ዓይን መታየቱ ብቻ ነው።

ሌላው በር የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። አዋጁ በዋናነት የሚያስገድደው የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ነው እንጂ የግል ኩባንያን አይደለም። ሆኖም ኩባንያው «ወሰኑ ይጥበብልን» ብሎ ያስገባው ደብዳቤ መዝገብ ቤት ደርሶ የገቢ ቁጥር ካገኘ በኋላ በመሥሪያ ቤቱ እጅ ያለ ሰነድ ነው። ዜጋ መጠየቅ ይችላል። የንግድ ምስጢር የሚባል ገደብ አለ፤ ኃላፊዎች እሱን መምዘዝ ይቀናቸዋል። የምርት ቀመር ወይም የዋጋ ስሌት ቢደበቅ ያስኬዳል። የሐይቅ ወሰን እንዲቀየር የቀረበ ማመልከቻ ግን በየትኛውም መለኪያ የንግድ ምስጢር ሊባል አይገባውም።