የከርሰ ምድር ባዮማስ ምንድን ነው? ሥርን ሳይቆፍሩ መመዘን

ጅማ ዞን፣ ማና ወረዳ ውስጥ ዘመዶቻችን የቡና ማሳ አላቸው። ባለፈው ክረምት አንድ ያረጀ የቡና ጉቶ ለመንቀል ሦስት ሆነን ግማሽ ቀን ፈጀብን። ከመሬት በላይ የቀረው ከጉልበት አይበልጥም ነበር። ከታች የወጣው ሥር ግን ክብደቱ ገረመኝ። ያም ሆኖ ግማሹ ተበጥሶ አፈር ውስጥ ቀርቷል።

የከርሰ ምድር ባዮማስ የሚባለው ይህ ነው። በሕይወት ያለ የዛፍና የቁጥቋጦ ሥር፣ ደርቆ የሚመዝነው ክብደት። «ደርቆ» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው፤ እርጥብ ሥር ብዙ ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ሥሩ ታጥቦ ይመዘናል። ከዚያ ናሙና ተወስዶ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይቆያል። ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ ቀጫጭን ሥሮች ብዙ ጊዜ አይቆጠሩም። ከብስባሹ ለመለየት ስለሚያስቸግሩ ከአፈሩ ካርቦን ጋር ይደመራሉ።

ለምን እንደክም? የደን ካርቦን የሚቆጠረው በአምስት ቋቶች ነው፦ ከመሬት በላይ ያለው የዛፍ አካል፣ ሥር፣ የወደቀና የደረቀ እንጨት፣ የረገፈ ቅጠል እና አፈር። ሥሩን የተወ ሰው በጅማ «በለጠ ገራ» የሚባለውን ደን ይሁን የጎማ ወረዳን የቡና ጥላ ዛፍ ከእውነቱ አሳንሶ ይቆጥራል።

ቆፍሮ መመዘን ደግሞ አይቻልም ባይባልም ከባድ ነው። ዛፉን ይገድላል። የአንዱ ሥር ከጎረቤቱ ጋር ይጠላለፋል። ለአንድ ትልቅ ዛፍ ሰዎች በዶማና በአካፋ ቀናት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ጥቂት ዛፎች ይቆፈሩና ለቀሩት ግምት ይወሰዳል። ግምቱ የሚያርፈው በአንድ ቀላል ሐሳብ ላይ ነው፦ የላዩ ስለ ታቹ ይመሰክራል። ከባድ ግንድና ቅርንጫፍ የተሸከመ ዛፍ የሚያቆመውና የሚያጠጣው ሥር ያስፈልገዋል። የሥሩ ክብደት ለላይኛው ክብደት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የሥርና የግንድ ምጣኔ ይባላል። በ1997 እ.ኤ.አ. ከ160 በላይ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ አማካዩ 0.26 ሆኗል። በይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ደግሞ ለሞቃታማ አገር ተራራማ ደን 0.27፣ ለቁጥቋጦ መሬት 0.40 ተቀምጧል። ቁጥቋጦው የበለጠው በምክንያት ነው። ድርቅ፣ እሳትና ከብት ያለበት ተክል ሀብቱን ታች ያስቀምጣል።

በአንድ የሰሳ ዛፍ እንሞክረው። እኛ ዘንድ ቡናን ከሚያጠሉት ዋነኞቹ አንዱ ነው፤ በኦሮምኛ ሙካ አርባ ይሉታል። ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ሲለካ የግንዱ አግድም ስፋት 40 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 18 ሜትር ይሁን። ለእንጨቱ እፍግታ፣ ማለትም አንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር እንጨት ደርቆ ለሚመዝነው፣ 0.5 ግራም እንያዝ። ለሞቃታማ አገር ዛፎች በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ቀመር እንዲህ ይላል፦ እፍግታው በስፋቱ ካሬና በቁመቱ ይባዛል፣ ውጤቱ በ0.976 ኃይል ከፍ ይላል፣ ከዚያ በ0.0673 ይባዛል። የሚወጣው 770 ኪሎ ገደማ ነው። ያ የላዩ ነው። በ0.27 ስናባዛው ሥሩ 208 ኪሎ ይሆናል። ከደረቅ ክብደት 47 በመቶው ካርቦን ነው ከተባለ፣ ሥሩ ብቻ ወደ 98 ኪሎ ካርቦን ይዟል። ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀየር 358 ኪሎ አካባቢ። ከአንድ ዛፍ፣ ያውም ከማይታየው ክፍል!

ወደ ቡናው ስንመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቡና የራሱ ቀመር አለው። በ2013 እ.ኤ.አ. በስምጥ ሸለቆ ተዳፋት ከሚበቅል ቡና የተወሰደው፣ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ላይ የተለካውን የግንድ ስፋት ካሬ በ0.147 ያባዛል። ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ላዩ 3.7 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ለቁጥቋጦ በተቀመጠው 0.40 ስናባዛው ሥሩ 1.5 ኪሎ ነው። እስከዚህ ጥሩ።

አሁን ገበሬው ቡናውን ጎነደለው እንበል። ጉንደላ ያረጀን ቡና የማደሻ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ግንዱ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆረጥና አዲስ ቀንበጥ ያበቅላል። በዓመቱ የሚለካ ሰው ሲመጣ የሚያገኘው ቀጫጭን ቀንበጥ ነው። ላዩ ግማሽ ኪሎ ቢሆን ምጣኔው ሥሩን 200 ግራም ያደርገዋል። ሥሩ ግን የትም አልሄደም። ቀጫጭኖቹ ከፊላቸው ቢሞቱም አውራ ሥሩና ወፋፍራሞቹ እዚያው ናቸው። አዲሱ ቀንበጥ የሚቆመውም በእነሱ ላይ ነው። የምጣኔው እምነት «ላይና ታች አብረው አደጉ» የሚል ነው፤ መጥረቢያ ሲገባ ያ እምነት ይፈርሳል። የተጎነደለ ማሳ በበዛበት አካባቢ ምጣኔን ብቻ ይዞ መሄድ ትልቅ ስህተት ይመስለኛል።

ባህር ዛፍም እንዲሁ ነው። ሁለትና ሦስት ጊዜ ተቆርጦ ያቆጠቆጠ ባህር ዛፍ ላዩ ልጅ፣ ሥሩ ሽማግሌ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ቀንበጡን ብቻ ሳይሆን የድሮውን ጉቶ ስፋትም መለካት ነው። ከዚያ ሥሩን ከጉቶው፣ ላዩን ከቀንበጡ ለየብቻ መገመት። መቼ እንደተጎነደለ ባለማሳውን መጠየቅም ይጠቅማል። ብዙ ቀንበጥ ያለው ቡና ከሆነ ደግሞ የእያንዳንዱ ስፋት ለብቻ በካሬ ይሰላና ይደመራል እንጂ ስፋቶቹ ተደምረው በካሬ አይባዙም። ባለ 3 ሳንቲ ሜትር ሁለት ቀንበጥ 18 ይሰጣል፤ ደምረን 6 ብንል ግን 36 ይሆንና እጥፍ እንሳሳታለን።