ከልጆችና ከልጅ ልጆች ጋር ዳቦ መጋገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋና የጎንደር ቤቶች በልጅ ይሞላሉ። ከባሕር ዳሩም ከአዲስ አበባውም የልጅ ልጆች አያታቸው ዘንድ ይመጣሉ፤ ቡሄም ይደርሳል። ዱቄት የሚቦካበት፣ ምጣድ የሚጣድበት ጊዜ ነው። እኔ ልጆች ከሊጡ አጠገብ መዋል አለባቸው ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። የሚያሳስበኝ ሰው የማያስፈራውን ሲፈራ፣ የሚያስፈራውን ደግሞ «ምን ይላል!» ብሎ ሲያልፈው ማየቴ ነው።

«ልጅ ጓዳ ከገባ ሥራው ይበላሻል»

ሥራው መዘግየቱ እውነት ነው፤ ዱቄትም ይደፋል። ዳቦው ግን አይበላሽም። የስንዴ ሊጥ ልሙጥና ሳቢ የሚሆነው በደንብ ሲታሽ ስለሆነ፣ አንድ ልጅ አሥር ደቂቃ እየተንጠለጠለ ቢያሸው ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። የሦስት ዓመት ልጅ እጁን ታጥቦ ውሃ ሊያፈስ፣ ጥቁር አዝሙድ ሊበትን ይችላል። ስድስት ሰባት ዓመት የሞላው ሙልሙል ያድቦለቡላል፤ አሥር ያለፈው ይነፋል፣ ይለካል፣ እማማ ጨው የረሳች እንደሆነም ያስታውሳታል። ምጣዱና እሳቱ የአዋቂ ሥራ ሆነው ይቆዩ።

«የሴት ልጅ ሥራ ነው» የሚለውም እዚሁ ይነሳ። በቡሄ ጅራፍ እያጮኹ፣ «ሆያ ሆዬ» እያሉ በየደጁ ሙልሙል የሚሰበስቡት ወንዶቹ ናቸው። የሚበሉትን ዳቦ መጋገር የማይማሩበት አንድም ምክንያት አይታየኝም።

«ዩቲዩብ ላይ እንዳየሁት ብሠራው እኩል ይወጣል»

እናቶች አብዝተው የሚያዝኑት በዚህ ነው። ልጅቷ ስልኳን ይዛ እየተከተለች፣ ሁሉም ነገር በልኩ ተጨምሮ፣ ኬኩ ምድጃ ውስጥ አምሮ ይነሳና መሐሉ ዘጭ ይላል። «እንቁላሉ ነው»፣ «በሩን ከፍተሽው ነው» ተብሎ ልጅቷ ትወቀሳለች። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእሷም የእንቁላሉም አይደለም። አሠራሩ የተጻፈው ለቆላ ወይም ለባሕር ዳርቻ አገር ነው፤ ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህልና ከዚያም በላይ ያንሳል። ስለዚህ ሊጡ ውስጥ ያለው አየር ቶሎ ይለጠጣል፤ ኬኩ ሳይበስል ይነሳል፣ የሚይዘው ሲያጣ ይወድቃል። ውሃም በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል፤ ኬኩ ይደርቃል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ይቀንሱ። በእያንዳንዱ ኩባያ ፈሳሽ ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይጨምሩ። ከአንድ ኩባያ ስኳር ደግሞ አንድ ሁለት ማንኪያ ያንሱ። የምድጃውን ሙቀት አሥር ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግም ይረዳል። ትልልቅ ልጆች ካሉ ይህን ሒሳብ ለእነሱ ይስጡ፤ ክፍልፋይ በዚህ መንገድ ሲማሩት አይረሱትም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስሕተት አለ፦ «ሊጡ አንድ ሰዓት ብቻ ይቆይ።» ከፍታው ሊጡን ያፈጥነዋል፣ የክረምቱ ብርድ ያዘገየዋል፤ ሰዓት የሚያዋጣ አይደለም። ልጁ ጣቱን ዱቄት ነክሮ ሊጡን ቀስ ብሎ ይጫነው። ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ ገና ነው። ቀስ ብሎ፣ ግማሹን ያህል ከተመለሰ ደርሷል። ጨርሶ ካልተመለሰና ዙሪያው ከሟሸሸ አልፎበታል። ይህን ልጆች ከአዋቂ ይልቅ በትዕግሥት ይጠብቁታል።

«እርሾ የሚነቃው በሙቅ ውሃ ነው»

ለብ ባለ ውሃ ነው። የሱቁ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ 55 እና 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይሞታል። ውሃው የሕፃን ገላ የሚታጠብበት ያህል ለብ ካለ ይበቃል። ጨው እርሾን ይገድላል የሚባለውም በተለመደው መጠን ልክ አይደለም፤ ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም።

«ኦቨን ከሌለ አይጋገርም»

ይህን ጎንደር ላይ ሆኖ የሚናገር ሰው ድፎ ዳቦን ረስቷል ማለት ነው። ኮባው ተጠርጎ፣ ወፍራም አከርካሪው ተልጦ፣ እሳት ላይ ለብለብ ተደርጎ ምጣዱ ላይ ይነጠፋል። ሊጡ ይገለበጥበታል፣ በኮባ ይሸፈናል፣ ክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል። ከላይም ከታችም እሳት፦ ይኸው ኦቨን። ልጆች ኮባውን እንዲጠርጉና እንዲያነጥፉ ያድርጉ፤ ምጣዱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ።

«ከሰሉ ከቀላ በኋላ ጭስ ስለሌለው ቤት ቢገባ አይጎዳም»

ይህን ያህል አደገኛ አባባል ከጓዳ ወጥቶ አያውቅም። የቀላ ከሰል የማይታይና የማይሸት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። በዝናቡ ምክንያት በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ከልጆች ጋር ማስገባት ሰው ይገድላል። ልጆች ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ቀድመው ይጎዳሉ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ ወዲያው ሁሉንም ወደ ውጭ ማውጣትና ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው። ከሰል ላይ የሚጋገር ከሆነ ደጅ፣ በረንዳ ላይ ወይም ግራና ቀኙ ክፍት በሆነ ማድ ቤት ይሁን። ፍሙንም «ቤቱን ያሙቀው» ብሎ ማታ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ፈጽሞ አይገባም።

«ሊጥ መቅመስ ምንም አይል»

ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ከጥሬ እንቁላል ነው፤ ልክም ነው፣ ሳልሞኔላ የተባለ በሽታ አምጪ ተሕዋስ ሊኖረው ይችላል። ዱቄቱ ራሱ ጥሬ መሆኑን ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። ስንዴው ማሳ ላይ ከብት ይረግጠዋል፣ ደጅ ሲሰጣ ዶሮ ይሄድበታል፤ ወፍጮ ያደቀዋል እንጂ ተሕዋሱን አይገድልለትም። በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከዱቄት የተነሳ ኢ. ኮላይ የተባለ ሌላ ተሕዋስ ወረርሽኝ ተከስቶ፣ ምግብ ቤት ውስጥ መጫወቻ ተብሎ ጥሬ ሊጥ የተሰጣቸው ልጆችም ታመው ነበር። ልጆች ሊጡን ይሹ፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ፤ ጣት መላሱ ይቅር።

ማር ለብቻው ይነሳ። «ዳቦው ውስጥ ከተጋገረ ለሕፃኑም ይሆናል» ይባላል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሆንም። ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ተሕዋስ ዘር ማር ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ የሚፈላ ውሃ እንኳን አይገድለውም። የዳቦው መሐል ደግሞ ውሃ ከሚፈላበት በላይ አይሞቅም። ዓመት ካለፈው ችግር የለም።

«ስኳር ልጆችን ያቅበጠብጣል»

በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ፣ 23 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ስኳር የልጆችን ጠባይ እንደማይለውጥ አሳይቷል። የሚያቅበጠብጣቸው በዓሉና የዘመድ ልጆች መሰብሰብ ነው። ለጥርስ ግን ስኳር ክፉ ነው፤ የሚቀነሰውም ለዚያ ነው።

«ጾም ስለሆነ ከልጆች ጋር መጋገር አይቻልም»

ቡሄ ነሐሴ 13 ሲሆን በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ነው የሚውለው። ሙልሙል ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ነው፤ ጾም የሚያፈርስ ነገር የለውም። ኬክም ካስፈለገ በእንቁላል ምትክ የላመ ሙዝ፣ ወይም ቤኪንግ ሶዳ ከሎሚ ጋር ያነሳዋል።

«ያቃጠለው ላይ ሊጥ ለጥፍበት»

ሊጥ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና፦ ሁሉም ይቅሩ። ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍናሉ፣ ቁስሉንም ያቆሽሻሉ። የሚያስፈልገው 20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ በረዶ አይደለም። አምባርና ቀለበት ቆዳው ሳያብጥ ይውለቅ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ፊት ወይም እጅ ከሆነ፣ ውሃ ከቋጠረ፣ ወይም ከልጁ መዳፍ ከሰፋ ሐኪም ይየው። ጎንደር ላይ ቧንቧው ሁልጊዜ ውሃ የለውም፤ ስለዚህ እሳት ከመጫሩ በፊት አንድ ጀሪካን ሞልቶ አጠገብ ይቀመጥ። በጣሳ ቀስ እያሉ ማፍሰስም ያው ነው።

«ትኩስ ዳቦ ሆድ ያማል»

ትኩስነቱ አይደለም የሚያውከው። ድፎ ከምጣድ ሲወርድ መሐሉ ገና እየረጋ ነው፤ ያኔ ከተቆረሰ ሊጥ ሊጥ ይላል፣ ቢላዋውም ይጨመልቀዋል። አንድ ሰዓት ያህል ሰፌድ ላይ ይረፍ። ልጆች ይህን ያህል መጠበቅ ስለማይችሉ ከዚያው ሊጥ ጥቂት ሙልሙል ቀድሞ ይጋገርላቸው፤ ትንሽ ስለሆነ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይረጋል።