ፔፐር፦ ሁለት የማይዛመዱ ቅመሞች የሚጠሩበት ስም

እንግሊዝኛው «ፔፐር» ወጥ ቤት ውስጥ ግራ ያጋባል። የምግብ አሠራር ላይ «ብላክ ፔፐር» ካለ ቁንዶ በርበሬ ነው። «ቺሊ ፔፐር» ካለ የሚያቃጥለው የበርበሬና የሚጥሚጣ ወገን ነው። «ቤል ፔፐር» ደግሞ ጭራሽ የማያቃጥለው ትልቁ የፈረንጅ ቃሪያ። ቁንዶ በርበሬና በርበሬ ግን በተክልነታቸው አይዛመዱም። አንዱ የሕንድ ሐረግ ነው፤ ሌላው ከአሜሪካ አህጉር የመጣ፣ ከቲማቲምና ከድንች ጋር የሚመደብ ተክል።

ቃሉ የተነሳው ከሕንድ ነው። በሳንስክሪት «ፒፓሊ» ይባል የነበረው ዛሬ የምናውቀው ክብ ፍሬ ሳይሆን ረዘም ያለው ዘመዱ ነው፤ ጥቃቅን ፍሬዎች አንድ ላይ ተጣብቀው ዘንግ የሠሩበት። ጥምዝ የሚያውቅ ሰው መልኩ ወዲያው ይመጣለታል። ጥምዝም የዚሁ ቤተሰብ ነውና፣ መከለሻ ውስጥ ከቁንዶ በርበሬ ጋር ሲወቀጥ ዘመድ ከዘመድ ተገናኘ ማለት ነው። ስሙ ከቅመሙ ጋር ወደ ምዕራብ ሲሄድ ግሪኮች «ፔፔሪ»፣ ሮማውያን «ፒፐር»፣ የጥንት እንግሊዞች «ፒፖር» አሉት። በኋላ ክቡ ፍሬ ገበያውን ሲወስድ ስሙንም አብሮ ወሰደ።

ክቡ ፍሬ የደቡብ ምዕራብ ሕንዱ የማላባር ጠረፍ ተወላጅ ነው። ሐረጉ ዛፍ ላይ እየተጠማጠመ ይወጣል፤ ፍሬው በዘለላ ይንጠለጠላል። ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ እያለ ተለቅሞ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ልጣጩ ይጨማደድና ይጠቁራል። ነጭ ቁንዶ በርበሬ የሚባለው ሌላ ተክል አይደለም። ያው ፍሬ በስሎ፣ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ልጣጩ ሲወልቅ ነው።

ሮም ውስጥ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ሮማዊው ደራሲ ፕሊኒ እንደመዘገበው አንዱ የሮማ ፓውንድ ረጅሙ 15 ዲናር፣ ነጩ 7፣ ጥቁሩ 4 ያወጣ ነበር። ሰውየው ነገሩ አልገባውም። አይጣፍጥ፣ መልኩ አያምር፣ ለማቃጠሉ ብቻ እስከ ሕንድ ድረስ መሄድ? እውነትም ሲያስቡት ይገርማል። ቢሆንም ከተማዋ ለቅመሙ የራሱ መጋዘን ነበራት። የጎቶች መሪ አላሪክ እ.ኤ.አ. በ408 ሮምን ከቦ ካሣ ሲጠይቅ፣ ከወርቁና ከብሩ ጋር 3,000 ፓውንድ ቁንዶ በርበሬ ጨምሮ ነው።

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ቅመሙ የቤት ኪራይ እስከመክፈያ ደርሷል። የለንደን ቁንዶ በርበሬ ነጋዴዎች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1180 ሰነድ ላይ ይገኛል። ዛሬ በእንግሊዝ ሕግ «የፔፐርኮርን ኪራይ» (የአንዲት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ኪራይ) ማለት ለስሙ ያህል ብቻ የሚከፈል ኪራይ ነው። ያኔ የከበረው ነገር ዛሬ የምንም ምሳሌ ሆነ።

የስሙ ጣጣ የመጣው በኮሎምበስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1492 የእስያን ቅመም ፍለጋ ወጥቶ ካሪቢያን ደረሰ። ቁንዶ በርበሬ አላገኘም፤ ያገኘው የአገሬው ሰዎች «አሂ» የሚሉትን የሚያቃጥል ቀይ ፍሬ ነበር። የእነሱ ቁንዶ በርበሬ ይህ ነው፣ እንዲያውም ይበልጣል ብሎ መዘገበው። ባዶ እጁን ከመመለስ ስም መስጠት ሳይሻለው አይቀርም። ስፔኖች በኋላ ጥቁሩን «ፒሚዬንታ»፣ ቀዩን «ፒሚዬንቶ» ብለው ለዩ፤ እንግሊዞች ግን ለሁለቱም አንዱን ስም ተዉት። በእንግሊዝኛ «ፔፐር» ብቻውን ማዕድ ላይ ሲጠራ ጥቁሩ ነው። በአማርኛ ተገላቢጦሽ ነው፦ «በርበሬ» ካልን ቀዩ ነው፣ ለጥቁሩ «ቁንዶ» እንጨምራለን።

የሚያቃጥላቸውም የተለያየ ነገር ነው። የቁንዶ በርበሬው ፒፐሪን ይባላል፤ ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ኦርስቴድ እ.ኤ.አ. በ1819 ለይቶ አወጣው። የበርበሬው ካፕሳይሲን ነው። ምላሳችን ላይ ግን ሁለቱም የሚነኩት ሙቀትን የሚለየውን ያንኑ የነርቭ ተቀባይ ነው። እና ኮሎምበስ በተክሉ ቢስትም በምላሱ አልተሳሳተም።